ዶሮ ትንፋሽ ሲያጥራት

ግንቦት፣ ሽሮ ሜዳ። ዝናቡ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ጀምሯል። አክስት ከጫጩትነቷ ያሳደጓትን ገብስማ ዶሮ ታቅፈው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። የእንስሳት ሐኪም የሆነችው የእህታቸው ልጅ ገና ከበር መግባቷ ነው።

አክስት፦ መጣሽልኝ ልጄ? ቡናው ይደርሳል፤ መጀመሪያ ግን እቺን እይልኝ። ሰሞኑን ማስነጠስ ጀምራለች። ማታ ቆጥ ላይ ስትወጣማ ደረቷ ኮርር ኮርር ሲል አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማታለሁ። አሁን ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ በሎሚ በጥብጬላታለሁ፤ መንቁሯን ያዢልኝና ልጋታት።

ሐኪም፦ እንኳን ሳይግቷት ደረስኩ! ኩባያውን ወዲያ ያድርጉት እትዬ።

አክስት፦ ምነው? ፌጦ ለሰው መድኃኒት ነው፣ ለዶሮ ምን ይሆናታል? እናቴም አያቴም ፈንግል ገባ ሲባል የሚሰጡት ይህንኑ ነበር። አረቄ ጠብ የሚያደርጉበትም አሉ።

ሐኪም፦ ከፌጦው ጋር ጠብ የለኝም። የምፈራው መጋቱን ነው። ይምጡ፣ በስልኬ መብራት አብረን አፏን እንይ። መንቁሯን እንዲህ ቀስ አድርጌ ስከፍተው፣ ከምላሷ ሥር ወደ ኋላ፣ ያቺ የምትከፈትና የምትዘጋ ስንጥቅ ታየችዎት?

አክስት፦ አየኋት! ይኸው ተከፈተች፣ ተዘጋች። ጉሮሮዋ ነው?

ሐኪም፦ የአየር ቧንቧዋ አፍ ነው። በየትንፋሹ ይከፈታል። ምግብና ውሃ የሚወርደው ከእሱ በስተኋላ ነው። እኛ ስንውጥ ቧንቧውን የሚጋርድልን ክዳን አለን፤ ዶሮ ያ ክዳን አልተሰጣትም። በራሷ ጊዜ ስትጠጣ መንቁሯን በውሃ ትሞላና አንገቷን ቀና ታደርጋለች፤ ያኔ ስንጥቋን ራሷ ትዘጋታለች። ሰው በግድ ሲያፈስባት ግን መዝጊያ ጊዜ አታገኝም። በዚያ ላይ ትንፋሽ ያጠራት ከሆነች አየር ለመሳብ ስትል ትከፍታታለች፤ ሎሚውም ፌጦውም ወደ ሳንባዋ ይወርዳል። «መድኃኒቱን ሰጥቼያት እዚያው ሞተች» የሚል ሰው ብዙ ገጥሞኛል። ስጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ በማንኪያ ወይም በጠርሙስ የተጋተች ናት።

አክስት፦ አይ አምላኬ! አምና የጎረቤቴን ቄብ ዘይት ግተዋት እጃቸው ላይ ነው ያለፈችው። እኛ ደግሞ የበሽታው ክፋት ነው ብለን ነበር።

ሐኪም፦ ዘይትማ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ፌጦውንና ነጭ ሽንኩርቱን መስጠት ከፈለጉ ትንሽ አድርገው እርጥብ መኖ ላይ ይነስንሱላት፣ ራሷ ለቅማ ትብላው። ይፈውሳታል ብዬ ግን አልነግርዎትም። አሁን ደግሞ እጅዎን ከደረቷ ላይ ላላ ያድርጉት።

አክስት፦ እንዳትወድቅብኝ ብዬ እኮ ነው።

ሐኪም፦ ክንፎቿን ከግራና ከቀኝ ይያዙ እንጂ ደረቷን አይጫኗት። እኛን የሚያስተነፍሰን ከሳንባችን ሥር ያለው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ነው። ዶሮ እሱም የላትም። ሳንባዋ ትንሽ ነው፤ ከጀርባዋ በኩል ከጎድን አጥንቷ ጋር ተጣብቆ የተቀመጠ፣ እንደኛ የማይነፋና የማይሟሽሽ ነው። አየሩን የሚስቡላትና የሚገፉላት 9 የአየር ከረጢቶች ናቸው። ከአንገቷ ሥር ጀምረው እስከ ሆዷ ተዘርግተዋል፤ ወደ ክንፍ አጥንቷ ውስጥ ዘልቆ የሚገባም አለ። እነዚያን ከረጢቶች የሚከፍትና የሚዘጋቸው የደረት አጥንቷ ወደ ታችና ወደ ላይ ማለቱ ነው። ደረቷን ስንጫን ትንፋሿን ያዝን ማለት ነው። ጤነኛ ዶሮ ለጥቂት ጊዜ ትችለዋለች፤ የታመመች ግን በሐኪም እጅ ላይም ትሞታለች።

አክስት፦ 9 ከረጢት! ታዲያ ይህን ያህል መተንፈሻ ተሰጥቷት በትንሽ ብርድ ለምን ትወድቃለች?

ሐኪም፦ ከረጢቶቹ እጅግ ስስ ናቸው፤ የሚደርሳቸውም ደም ጥቂት ነው። ጀርም አንዴ እዚያ ከሠፈረ የሰውነቷ መከላከያም መድኃኒቱም በቀላሉ አያገኙትም። እንደኛ በኃይል ስላ አክታ ማውጣትም አትችልም። ደግሞ ብርዱን ብቻ አንውቀስ። ብርድ ቀድሞ የገባውን ጀርም ይቀሰቅሰዋል እንጂ ጀርም አይወልድም። ስለዚህ ከየት መጣ ብለን እንጠይቅ። በቅርቡ እዚህ ግቢ የገባ ዶሮ አለ?

አክስት፦ ለፋሲካ አውራ ዶሮ ገዝቼ ነበር። ሐሙስ አመጣሁት፣ ቅዳሜ ማታ ታረደ። እሱ ግን ጤነኛ ነበር፤ ሲጮኽ ሰፈሩን ነበር የሚቀሰቅሰው።

ሐኪም፦ ከእሷ ጋር በአንድ ዕቃ ይጠጡ ነበር?

አክስት፦ አዎ፣ ያቺ ጎድጓዳ ሳህን ናት ያለችን። ቆይ እስቲ፣ ዓይኑ ጥግ ላይ አረፋ ነገር ነበረችው። የመንገድ አቧራ ነው ብዬ ጠረግኩለት።

ሐኪም፦ አሁን የእሷን ዓይን ይዩት። እዚህ በውስጥ በኩል ባለው ጥግ፣ ጥቃቅን አረፋ አለ። የሳሙና አረፋ የመሰለ። የአፍንጫዋ ቀዳዳ ላይ ደግሞ እርጥበቱ አቧራ ይዞ ደርቋል። ከዓይኗ ሥር ስነካው ትንሽ አበጥ ብሏል። አውራ ዶሮው ከመጣ እስከ ማስነጠሷ ሁለት ሳምንት ይሆናል?

አክስት፦ ገደማ። ዳግማይ ትንሣኤ አልፎ ነው የጀመራት።

ሐኪም፦ የጠረጠርኩት በሽታ ከገባ በኋላ ምልክቱን ለማሳየት ከ6 እስከ 21 ቀን ይወስድበታል። ይገጥማል። ከመወሰኔ በፊት ግን ሌሎቹን አንድ በአንድ ላስወጣ። ይቅረቡና አፏን ያሽትቱ።

አክስት፦ ምንም አይሸትም። ትንሽ የመኖ ሽታ ነው ያለው።

ሐኪም፦ ጥሩ። ኮራይዛ የሚባለው የዶሮ ጉንፋን ቢሆን ፊቷ በአንድ ሁለት ቀን እብጥ ብሎ ዓይኗ ይደፈን ነበር፤ ሽታውም ቤቱን ይሞላው ነበር። ጉሮሮዋ ውስጥ ቢጫ ቅርፊት አላየሁም፣ ስለዚህ የአፍ ፈንጣጣም አይደለም። ኩሷስ እንዴት ነው?

አክስት፦ ዛሬ ጠዋት ጠርጌዋለሁ፤ ቡናማ ሆኖ ጫፉ ነጭ ነው፣ እንደ ወትሮው።

ሐኪም፦ አረንጓዴ ውሃ መሰል ቢሆን፣ አንገቷም ቢጠማዘዝ፣ ወይ ሰፈር ውስጥ የሌላ ሰው ዶሮ በድንገት ቢሞት ኖሮ አሁን የማወራዎት ስለ ፈንግል ነበር። ትበላለች?

አክስት፦ ትበላለች፣ ግን ትመርጣለች። ጎመን ስቆርጥላት ትሮጣለች። ስንዴውን ጫር ጫር አድርጋ ትተወዋለች። የምትወዳት ጥግ አለች፣ ከእንሰቱ ሥር፤ ጠዋት ጠዋት እዚያ ትታጠብ ነበር አቧራ ውስጥ። ያንን ትታለች። እንቁላሏንም ካቆመች ቆይታለች። ይኼ ሁሉ ለሐኪም ምን ይረባል እያልሽ እንዳይሆን።

ሐኪም፦ ኧረ ይህን ነው የምፈልገው እትዬ! ትልልቅ እርባታ ስሄድ በሺዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች አሉ፤ የትኛዋ መቼ መብላት እንደቀነሰች የሚነግረኝ የለም። ሲሞቱ ነው የሚታወቀው። እርስዎ ግን ሌሊት ደረቷን ሰምተው፣ ኩሷን ተመልክተው፣ አቧራ መታጠብ መተዋን ሳይቀር ይነግሩኛል። ዶሮ ደግሞ በሽታዋን ትደብቃለች፤ ደካማ ሆና ከታየች ሌሎቹ ይነቁሯታል፣ አውሬም ይመርጣታል። ለእንግዳ ሰው ምልክቱ ሲታየው ብዙ ጊዜ ዘግይቷል። ግማሹን ምርመራ የሠሩልኝ እርስዎ ነዎት።

አክስት፦ ጎረቤቶቼ ይህን ቢሰሙ ደስ ባለኝ። «ለአንዲት ዶሮ ሐኪም? መድኃኒቷ ቢላ ነው» ይሉኛል። እኔ እኮ ልጆቼ ከሄዱ ወዲህ በዚህ ግቢ ከእኔ ጋር ውሎ የሚያድር ሌላ ፍጡር የለም። ወጥ ቤት ስገባ ትከተለኛለች።

ሐኪም፦ ልክ ነዎት እርስዎ። በእኛ እጅ ያደገች ነፍስ ናት። ቢላውን ለሚመክሩዎት ግን አንድ ነገር ይንገሯቸው፦ የታመመች፣ በተለይም መድኃኒት የጀመረች ዶሮ ለምግብ አትሆንም። ገበያ አውጥቶ መሸጥ ደግሞ በሽታውን ለሰው ቤት መላክ ነው። ያ አውራ ዶሮ እርስዎ ዘንድ የደረሰው ምናልባት እንደዚያ ነው።

አክስት፦ እሺ፣ ስሙን ንገሪኝ። ምንድን ነው ያመማት?

ሐኪም፦ ማይኮፕላዝማ ይመስለኛል። ዓይን ላይ አረፋው፣ ማስነጠሱ፣ ሌሊት ሌሊት የሚሰማው ኮርር ማለት፣ ቀስ እያለ መክረሙ፣ ሁሉም ወደ እሱ ይወስዱኛል። ለማረጋገጥ ከጉሮሮዋ በጥጥ ናሙና ወስጄ ላቦራቶሪ አስገባለሁ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ግን ሕክምናውን እንጀምራለን።

አክስት፦ መድኃኒትማ ቤት ውስጥ አለ። ጥርሴን ታምሜ የታዘዘልኝ አሞክሳሲሊን ተርፏል። ሱቅ ደግሞ ያቺ ቀይና ቢጫ ካፕሱል፣ ቴትራሳይክሊን፣ አትጠፋም። ሰው ሁሉ ፈታ እያደረገ ለዶሮ ይሰጣል።

ሐኪም፦ ይህን ልብ ብለው ይስሙኝ። አሞክሳሲሊንና ፔኒሲሊን ባክቴሪያን የሚገድሉት ግድግዳውን እያፈረሱ ነው። ማይኮፕላዝማ ደግሞ ከተፈጥሮው ግድግዳ የለውም። የሚፈርስ ነገር ስለሌለው መድኃኒቱ አይነካውም። ዶሮዋ ሳምንት ሙሉ ትወስደዋለች፣ የሆዷ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ያልቃሉ፣ ጀርሙ በቦታው አለ። ቴትራሳይክሊን በበኩሉ ለዚህ በሽታ የሚሠራ ወገን ነው፤ ግን ያ ካፕሱል 250 ሚሊ ግራም ሆኖ የተመጠነው ለሰው ነው። የእርስዎ ዶሮ ምናልባት አንድ ኪሎ ተኩል ብትመዝን ነው። ግማሹን፣ ሩቡን እያሉ በግምት መስጠት አንድ ቀን ያንሳታል፣ አንድ ቀን ይበዛባታል። ሲያንስ ጀርሙ መድኃኒቱን ይለማመደዋል፤ ያ የተለማመደ ጀርም ደግሞ በዚህ ግቢ አይቀርም።

አክስት፦ ታዲያ አንቺ ምን ትሰጫታለሽ?

ሐኪም፦ ታይሎሲን የሚባል አለ፣ ለዶሮ ተብሎ የተሠራ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት። ዶክሲሳይክሊንም ይሠራል። ኦክሲቴትራሳይክሊንም እንዲሁ። እኔ በታይሎሲን እጀምራለሁ። መጠኑን በክብደቷ አስልቼ ነው የምሰጥዎት፤ ስለዚህ ከባለሱቁ ሚዛን ይዋሱና ዘንቢል ውስጥ አድርገን እንመዝናት። ብዙ ሰው ዱቄቱን ውሃዋ ላይ በትኖ ይተወዋል። ጤነኛ ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ገደማ ትጠጣለች፤ የታመመች ከዚያ በታች ነው፣ ስለዚህ መድኃኒቱም የሚደርሳት በዚያው ልክ አንሶ ነው። አንዲት ዶሮ ብቻ ስላለችዎት በእርጥብ መኖ ጠቅልለን በእጅዎ እንድትለቅመው ማድረጉ ይሻላል።

አክስት፦ እጄ ላይ ከሆነ እምቢ አትልም። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል በጣም ትወዳለች፤ እሱ ውስጥ ባደርገውስ?

ሐኪም፦ ይሆናል። የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተው ይሰጧት የለ?

አክስት፦ እሰጣታለሁ። ለአጥንቷ ብለሽ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።

ሐኪም፦ ታይሎሲን ከሆነ ግድ የለም። ላቦራቶሪው ወደ ኦክሲቴትራሳይክሊን እንድንዞር ቢያስገድደን ግን በእነዚያ ቀናት ቅርፊቱንም ወተቱንም ያንሱባት። ካልሲየም መድኃኒቱን ሆዷ ውስጥ አጥብቆ ይይዘዋል፣ ወደ ደሟ አያሳልፈውም። ብዙ ሰው «ኦክሲ ሰጥቼ አልሠራም» የሚለው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

አክስት፦ በዳማከሴ ላጥናትስ? ወይ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቼ በእንፋሎቱ?

ሐኪም፦ አይደረግም። የነገርኩዎት ከረጢቶች ለሽታና ለጭስ በጣም ስስ ናቸው። እኛን የሚያስደስተን ሽታ እሷን ያቃጥላታል። ዕጣኑም፣ የቡና መቁያው ጭስም፣ ከሰሉም እንዲሁ። ቡናዎን አይተዉ፤ ዶሮዋን ግን ከወጥ ቤት ያርቋት። ሲሚንቶ ላይ ካርቶን ያስቀምጡ፣ ንጹሕ ሰጋቱራ ያንጥፉበት፣ አንድ ጎኑ ለአየር ክፍት ይሁን። የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልተው በጨርቅ ጠቅልለው በአንድ ጥግ ያስጠጉላት። ከበረዳት ትጠጋዋለች፣ ከሞቃት ትሸሻለች፤ ምርጫው የእሷ ይሁን። የዶሮ ሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው። ብርድ ላይ ካደረች የበላችውን ሁሉ ለመሞቂያ ትጨርሰዋለች፣ በሽታውን የምትታገልበት አይተርፋትም። እኔ የማምነው መድኃኒቱ ግማሹን ነው የሚሠራው፤ ሌላው ግማሽ ይኸው ነው፣ ሙቀት፣ ንጹሕ አየር፣ ውሃ።

አክስት፦ አፍንጫዋ የደረቀውስ?

ሐኪም፦ ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልተው የሻይ ማንኪያ የማትሞላ ጨው ይጨምሩበት። ለብ ሲል በንጹሕ ጨርቅ ነክረው ቀዳዳው ላይ ያቆዩት፤ ቅርፊቱ ሲርስ ራሱ ይለቃል። በጥፍር አይላጡት። ዓይኗንም በዚያው ይጥረጉላት፣ ግን በሌላ ጨርቅ። በምግቧ ጎመኑን አይቀንሱባት፣ ካሮትም ካለ ይፋቁላት፤ ቫይታሚን ኤ ያነሳት ዶሮ የአፍና የጉሮሮዋ ውስጠኛ ሽፋን እየደረቀ ለጀርም በር ይከፍታል። ማታ ማታ ደግሞ ትንፋሿን ይመልከቱ። ጭራዋ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ማለት ከጀመረ፣ ወይም ጠዋት በብርዱ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ ሰዓቱን ሳያዩ ይደውሉልኝ። ቀትር ላይ በፀሐይ አፏን ብትከፍት ግን አይደንግጡ፤ ዶሮ አታልብም፣ የምትቀዘቅዘው በዚያ ነው።

አክስት፦ እደውላለሁ። ሌላስ?

ሐኪም፦ ቆጧን ልይ። እስቲ እርስዎም እዚህ አብረውኝ ይጎንበሱ፣ አፍንጫዎ በእሷ ቁመት እስኪሆን።

አክስት፦ ኡፍ! ዓይኔን አቃጠለኝ። ቆሜ እኮ ምንም አይሸተኝም ነበር።

ሐኪም፦ ኩሱና እርጥቡ ጭድ አብረው ሲብላሉ የሚወጣው አሞኒያ ነው። በቧንቧዋ ውስጥ አቧራና ጀርም እየጠረጉ የሚያወጡ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ፤ አሞኒያ እነሱን ያደነዝዛቸዋል። ጠራጊ የሌለው ቧንቧ ደግሞ ለመጣው ጀርም ሁሉ ክፍት ነው። ከዚህ ሥር ያለውን ጭድ ያንሱልኝ። ይኸው፣ ሻግቷል። ይህ አረንጓዴ ዱቄት ታየዎት? ነፋስ ሲነካው ይበናል። ከሻጋታ ወገን ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚበቅል አለ፤ እሱን ምንም አንቲባዮቲክ አያድነውም። ያ ሕመም ከመምጣቱ በፊት ሻጋታውን ስላየነው ደስ ብሎኛል።

አክስት፦ ጣሪያው ስለሚያፈስ ነው። ዛሬውኑ ጠርጌ አወጣዋለሁ።

ሐኪም፦ እሷ ካርቶኑ ውስጥ ከገባች በኋላ፣ አፍንጫዎን በጨርቅ ሸፍነው። ጭዱ አቧራው እንዳይነሳ ውሃ ይርጩበት። ከዚያ ወለሉ ደርቆ ሰጋቱራ ይንጠፍበት። ግድግዳው ከላይ በኩል አየር ማስወጫ ይኑረው፣ ንፋሱ ግን የተቀመጠችበት ቦታ ላይ አይምታት። ሰው ክረምት ሲመጣ እንዳይበርዳት ብሎ ቀዳዳውን ሁሉ በጆንያ ይደፍናል፤ ዶሮ ግን ላባ አላት፣ ደረቅ ብርድን ከእርጥብ እፍግታ የበለጠ ትችለዋለች።

አክስት፦ እንቁላሉን ምን ላድርገው? መጣል ብትጀምር ማለቴ ነው።

ሐኪም፦ መድኃኒት በምትወስድበት ጊዜና ከዚያም በኋላ በማሸጊያው ላይ እስከተጻፈው ቀን ድረስ አይበላም። ለጎረቤት ልጅም አይሰጥም። ይቅበሩት።

አክስት፦ እሺ። ከዳነች በኋላ ግን ነሐሴ ላይ ላሳቅፋት ነበር ያሰብኩት። እንቁላሉን እንኳ ከእህትሽ ቤት አውራ ዶሮ ካለበት...

ሐኪም፦ እትዬ፣ ይህን የምነግርዎት ተቸግሬ ነው። ማይኮፕላዝማ ከሆነ ትሻላለች እንጂ አትነጻም። ማስነጠሱ ይቆማል፣ አረፋው ይጠፋል፣ አቧራዋንም ትታጠባለች፤ ጀርሙ ግን ዕድሜዋን ሙሉ አብሯት ይኖራል። ላባ ስትቀይር፣ ብርድ ሲጠና፣ ቦታ ስትቀይር ሊመለስባት ይችላል። በእንቁላሏም ወደ ጫጩት ያልፋል። የሌላ ዶሮ እንቁላል ብታቅፍም ከተፈለፈሉ በኋላ በትንፋሿ ታስይዛቸዋለች።

አክስት፦ ስለዚህ ብቻዋን ልትኖር ነው።

ሐኪም፦ ብቻዋን አይደለችም፣ እርስዎ አሉ። አዲስ ዶሮ ግን አያምጡባት። ለበዓል የሚገዙትንም ከእንግዲህ እዚህ ግቢ አያሳድሩት፤ በገዙት ዕለት ይታረድ፣ ወይ ሌላ ቤት ይቆይ። የጎረቤትን ዶሮ ነክተው ሲመጡ እጅዎን ታጥበው፣ ጫማዎን ቀይረው ይቅረቧት። እሷን ከነኩ በኋላም እንዲሁ፣ የሰው ዶሮ እንዳያስይዙ።

አክስት፦ ከባድ ነው። ግን ትኑርልኝ እንጂ ጫጩቱ ይቅር። ፈንግል ቢመጣባትስ? ክረምት ሊገባ ነው፤ የእኛ ሰፈር ዶሮ ሲያልቅ ሁልጊዜ በዚህ ሰሞን ነው።

ሐኪም፦ ልክ ነዎት፣ ፈንግል የሚበረታው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። ፈንግል መድኃኒት የለውም፤ ቫይረስ ነው፣ አንዴ ከገባ አንቲባዮቲክ አይመልሰውም። የሞቱትን በእጅ የነካ ሰውም ዓይኑ ሊቀላ ይችላል። በፈንግል የሞተ ዶሮ ለውሻ አይጣልም፣ ጠለቅ አድርጎ መቅበር ነው፤ ብዙ ዶሮ በአንድ ጊዜ ካለቀ ደግሞ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ግድ ነው። ክትባቱ ግን እዚሁ አገር ይሠራል፣ ቢሾፍቱ ውስጥ። አይ-2 የሚባለው ሙቀት የሚቋቋም ስለሆነ ለመንደር ይመቻል፤ አንድ ጠብታ ዓይን ላይ ነው፣ በየ3 ወይም በየ4 ወሩ ይደገማል።

አክስት፦ እንዲህ ቀላል ከሆነ ሰው ለምን አያስከትብም?

ሐኪም፦ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ነው የሚመጣው። ሁለት ሦስት ዶሮ ያለው ሰው ለብቻው ሲገዛ ይከብደዋል። ከተበጠበጠ ደግሞ ለነገ አይቀመጥም፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ መሰብሰብ ያስፈልጋል።

አክስት፦ እሱን ለእኔ ተዪው። እሑድ የዕድር ስብሰባ አለን፤ እዚያ አነሳዋለሁ። ከላይኛው መንገድ እስከ ወንዙ ድረስ ዶሮ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። በየቤቱ ምን ያህል እንዳለ አስመዘግብልሻለሁ፣ ገንዘቡንም ተካፍለን እናወጣለን።

ሐኪም፦ ካደረጉልኝ እኔ ብልቃጡን በበረዶ ሳጥን ይዤ ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ግን ዶሮ ታቅፈው ወደ አንድ ቦታ እንዳይመጡ ይንገሯቸው፤ አንዱ ከሌላው ያስይዛል። ቤት ለቤት እዞራለሁ፣ በየበሩ እጄን እየታጠብኩ። የሚያስነጥስ ዶሮ ያለው ካለ እሱን መጨረሻ ላይ አየዋለሁ፤ የታመመ አይከተብም።

አክስት፦ የእኔዋም እንግዲህ ትቆያለች።

ሐኪም፦ ትቆያለች። መድኃኒቷን ጨርሳ፣ ሳታስነጥስ ሁለት ሳምንት ከቆየች በኋላ ለእሷ ብቻ ብዬ እመጣለሁ። አሁን ዘንቢሉን ያምጡልኝ፣ እንመዝናት።